ሱኩማር ሴን፤ ለእያንዳንዱ መራጭ ስም የቆሙት የምርጫ ባለሥልጣን

ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት የሚጸናው ዜጎች የሚያስተዳድራቸውን አካል በነጻ ፈቃዳቸው የመምረጥና በጊዜው የመለወጥ መብታቸው በሕግ ሲረጋገጥ ነው። ይሁን እንጂ በሕግ የተጻፈ መብት ወደ ተግባር የሚሸጋገረው የመራጮች መዝገብ በአግባቡ ሲዘጋጅ፣ የምርጫ ጣቢያ ነዋሪው ሊደርስበት በሚችል ስፍራ ሲከፈት፣ ድምፅ በምሥጢር ሲሰጥና ቆጠራው ሁሉም በሚያምነው መንገድ ሲከናወን ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል በሕገ መንግሥት የሰፈረው መብት በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለሆነም የምርጫ ሥርዓትን ማሻሻል የዴሞክራሲ አንዱ ዋና መጠበቂያ ነው ሲባል የሚታሰበው ትልልቁ ሕግ ብቻ ሳይሆን ከሕጉ በታች ያለው አድካሚና ብዙም የማይወራለት የአሠራር ጥራት ጭምር ነው።

ይህን እውነት በሕይወት ዘመናቸው ሥራ ካሳዩ የመንግሥት አገልጋዮች መካከል የሕንድ የመጀመሪያው ዋና የምርጫ ኮሚሽነር ሱኩማር ሴን ይጠቀሳሉ። እሳቸው የፖለቲካ ፓርቲ አልመሠረቱም፤ አደባባይ ወጥተው ሕዝብ አልቀሰቀሱም። በዘመኑ በዓለም ታይቶ የማያውቀውን ግዙፍ ምርጫ ከሐሳብ ወደ ተግባር አሸጋግረው፣ ለጎረቤታችን ለሱዳንም የመጀመሪያውን የፓርላማ ምርጫ መርተው አልፈዋል። ይህ ጽሑፍ የእኚህን ሰው ሕይወትና ሥራ፣ በሥራቸው መካከል የገጠማቸውን አስቸጋሪ ውሳኔ፣ እንዲሁም ለዛሬ አንባቢ የሚተርፈውን ትምህርት በአጭሩ ያቀርባል።

ትውልድ፣ ትምህርትና የመንግሥት አገልግሎት

ሱኩማር ሴን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሕንድ፣ በቤንጋል ከሚኖር የተማረ ቤተሰብ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በካልካታ በሚገኘው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ተከታትለዋል። በለንደን የሒሳብ ትምህርት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸላሚ ነበሩ። ለቁጥርና ለሥርዓት የነበራቸው ዝንባሌ በኋላ ዘመን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስሞችን፣ ሳጥኖችንና ሠራተኞችን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ ለማቀናጀት እንደጠቀማቸው መገመት አያዳግትም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በጣም ጥቂት ሕንዳውያን ብቻ ይገቡበት ወደነበረው የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ በቤንጋል ልዩ ልዩ አውራጃዎች በአስተዳደርና በዳኝነት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድ ነጻነቷን ስትቀዳጅ የምዕራብ ቤንጋል ግዛት ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ። ይህም በአንድ ግዛት ውስጥ ለሲቪል አገልጋይ የሚሰጥ ከፍተኛው ኃላፊነት ነበር። ወቅቱ ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። ክፍለ አህጉሩ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ሲከፈል ቤንጋልም ለሁለት ተሰነጠቀች፤ ከምሥራቁ ክፍል ቤት ንብረታቸውን ጥለው የተሰደዱ ሰዎች ወደ ምዕራብ ቤንጋል ጎረፉ። ሴን የዜግነት፣ የመጠለያና የመዝገብ ጥያቄ ምን ያህል የሰው ሕይወት እንደሚነካ በቅርብ የተመለከቱት በዚህ ጊዜ ነው።

ከጥቂቶች ምርጫ ወደ ሁሉም ምርጫ

የሴንን ሥራ ክብደት ለመረዳት ከእሳቸው በፊት የነበረውን የምርጫ ሥርዓት ማየት ያስፈልጋል። በቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ ምርጫ ይካሄድ ነበር፤ ሆኖም መራጭ ለመሆን ንብረት፣ የግብር ክፍያ ወይም የትምህርት ደረጃ ይጠየቅ ስለነበር አብዛኛው ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛውና ሴቶች በአመዛኙ ከመዝገቡ ውጭ ነበሩ። ከዚህም በላይ መራጩ በሃይማኖቱ ተለይቶ በተለየ መዝገብ የሚመዘገብበትና ለተለየ መቀመጫ ድምፅ የሚሰጥበት አሠራር ተዘርግቶ ነበር። ይህ አሠራር ዜጎችን ከማቀራረብ ይልቅ እንዳራራቀ በርካታ የዘመኑ ሰዎች ያምኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1950 በሥራ ላይ የዋለው የነጻዪቱ ሕንድ ሕገ መንግሥት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለወጠው። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ ማንበብ የሚችልም ሆነ የማይችል፣ እኩል አንድ ድምፅ እንዲኖረው ደነገገ። ለአንድ የምርጫ ክልል አንድ የጋራ መዝገብ ብቻ እንዲኖር፣ ማንም ሰው በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በካስት ወይም በጾታው ምክንያት ከመዝገቡ እንዳይወጣ ከለከለ። በብዙ የምዕራብ አገሮች የመምረጥ መብት በረጅም ዘመን ደረጃ በደረጃ የሰፋ ሲሆን፣ ሕንድ በአንድ እርምጃ ለሁሉም አዋቂ ዜጋ ሰጠችው።

ይህ ውሳኔ በአገር ውስጥም በውጭም ጥርጣሬ አስከትሎ ነበር። ከሕዝቡ መካከል 85 በመቶ ያህሉ ማንበብና መጻፍ አይችልም። ተጠራጣሪዎቹ ፊደል ያልቆጠረ ሕዝብ እንዴት ይመርጣል ብለው ይጠይቁ ነበር። መልሱ የተገኘው ግን ከክርክር መድረክ ይልቅ ከአሠራር ነው።

ለትክክለኛነት ሲባል መጠቀስ ያለበት ነገር፣ የመራጮች መዝገብ ዝግጅት ከሴን ሹመት በፊት የተጀመረ መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ ገና ሳይጸድቅ የሕገ መንግሥት ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ከየግዛቱ አስተዳደር ጋር በመሆን ረቂቅ መዝገቦች እንዲሰናዱ አድርጎ ነበር። ሴን ይህን ጅምር ተረክበው አጠሩት፣ አሟሉት፣ ወደ ምርጫ ቀንም አደረሱት።

የገለልተኛ ተቋም ጅማሮ

የሕንድ ምርጫ ኮሚሽን የተቋቋመው ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1950 ነበር። ሴን በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ዋና የምርጫ ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። ሕገ መንግሥቱ የመራጮችን መዝገብ የማዘጋጀትና ምርጫን የመምራት ሥልጣን ለዚህ ተቋም በመስጠት ምርጫው በዕለቱ ሥልጣን በያዘው መንግሥት እጅ እንዳይወድቅ አደረገ። ዋናው ኮሚሽነር ከሥልጣኑ የሚነሣው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በሚነሣበት ጥብቅ ሥርዓት ብቻ እንዲሆን መደንገጉም ኮሚሽነሩ ባለሥልጣናትን ሳይፈራ እንዲሠራ ለማስቻል ነበር።

ይህ ነጻነት ገና ከመነሻው ተፈትኗል። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ምርጫው በፍጥነት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 መጀመሪያ አካባቢ እንዲካሄድ ይሹ ነበር። ፍላጎታቸው ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም፤ አዲሱ መንግሥት ከሕዝቡ በቀጥታ የተሰጠ ውክልና ያስፈልገው ነበር። ሴን ግን ሥራውን ከሥሩ መርምረው ጊዜ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። የምርጫ ክልሎች ወሰን ገና አልተካለለም፤ መዝገቦቹ አልጠሩም፤ ምርጫውን የሚገዛው ሕግ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። የሕዝብ ውክልና ሕጎች በሁለት ክፍል፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1950፣ ሁለተኛው በ1951 ወጡ። የመጀመሪያው ስለ መቀመጫዎችና ስለ መራጮች መዝገብ ሲደነግግ፣ ሁለተኛው ስለ ምርጫው አካሄድ፣ ስለ ምርጫ ወንጀሎችና ስለ አቤቱታ አቀራረብ ደንግጓል። በመጨረሻ ምርጫው እ.ኤ.አ. ከ1951 መገባደጃ እስከ 1952 መጀመሪያ እንዲካሄድ ተወሰነ። መንግሥትም የባለሙያውን ምክር ሰምቶ ታገሠ።

ስም የሌላቸው መራጮች

በመዝገብ ማጥራቱ ሥራ ላይ ሴንን የገጠማቸው ችግር በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ምዕራፍ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ሕንድ በሚገኙ አንዳንድ ግዛቶች፣ በተለይም በቢሃር፣ በኡታር ፕራዴሽና በራጃስታን፣ በርካታ ሴቶች በልማድ ምክንያት ስማቸውን ለማያውቁት ሰው አይናገሩም ነበር። መዝጋቢው ሲመጣ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት ወይም የእገሌ ልጅ ብለው ተመዘገቡ። በእኛም አገር አንዲት እናት በልጇ ስም ስትጠራ መስማት የተለመደ ስለሆነ፣ ሁኔታው ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም።

ሆኖም መዝገብ ከልማድ የተለየ ነገር ይጠይቃል። የእገሌ ሚስት ተብላ የሰፈረች ሴት በምርጫው ቀን በሌላ ሴት ብትተካ ማን ያውቃል? ሰውዬው ሁለት ሚስቶች ቢኖሩትስ? ባሏ ቢሞት ወይም ብትፋታስ መብቷ ከማን ጋር ይሄዳል? በዋናው ሐሳብ ሲታይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ድምፅ የሰጠው ለባሏ ወይም ለልጇ ሳይሆን ለራሷ ነው። በሰው ስም ተጠግቶ የተመዘገበ መብት ግማሽ መብት ነው።

ሴን ማንኛዋም መራጭ በራሷ ስም ካልተመዘገበች በመዝገቡ ላይ እንዳትቆይ መመሪያ ሰጡ። ሴቶቹ ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ ጥሪ ተደረገ፤ በቢሃር ተጨማሪ የአንድ ወር ጊዜ ተሰጥቶ ብዙዎች ተጠቅመውበታል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከ80 ሚሊዮን ገደማ ሴት መራጮች መካከል ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጉት ትክክለኛ ስማቸውን ባለማስመዝገባቸው ከመዝገቡ ተሰረዙ።

ይህ ቁጥር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በነጻዪቱ ሕንድ የመጀመሪያ ምርጫ፣ በሕገ መንግሥት የተረጋገጠላቸውን ድምፅ ሳይሰጡ የቀሩ ሚሊዮኖች ናቸው። ውሳኔውን የሚተቹ ሰዎች ለዘመናት ስማቸውን እንዳይናገሩ የተደረጉ ሴቶች ለልማዱ ተጠያቂ ሆነው መብታቸውን ማጣት እንዳልነበረባቸው ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ሚዛን የሚደፋ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ስም የሌለው መዝገብ ለማጭበርበር በር ይከፍት እንደነበር፣ ልማዱም በመንግሥት መዝገብ ተቀባይነት ካገኘ ሥር እየሰደደ ይሄድ እንደነበር የሚያምኑ አሉ። ሴን ራሳቸው በዚህ ምክንያት የተነሣው ቅሬታና ወቀሳ ልማዱን ለማስቀረት ይረዳል፣ በሚቀጥለውም ምርጫ ሴቶቹ በስማቸው ይመዘገባሉ የሚል እምነት ነበራቸው። ተስፋቸው የሠመረ መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን፤ የመጀመሪያው ምርጫ ግን ለእነዚያ ሴቶች አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ዕድል እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የምርጫ አስተዳደር አንዳንድ ጊዜ ሁለት ትክክለኛ ነገሮች የሚጋጩበት ሥራ መሆኑን ይህ ምዕራፍ ያስገነዝባል።

ሳጥን፣ ምልክትና ቀለም

ማንበብ ለማይችለው መራጭ የተገኘው መፍትሔ ምልክት ነበር። ለእያንዳንዱ ፓርቲ በሕዝቡ የዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ከሚገኙ ነገሮች አንድ ምልክት ተሰጠው። ጥማድ በሬዎች፣ ጎጆ፣ ዝሆን፣ የዘይት መብራት፣ ዛፍና የመሳሰሉት ተመረጡ። በምርጫ ጣቢያው ውስጥ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክቱ የተለጠፈበት የተለየ ሳጥን ተቀመጠ። መራጩ ከመጋረጃ በስተጀርባ ብቻውን ገብቶ ወረቀቱን በፈለገው ሳጥን ውስጥ ይከታል። እስክሪብቶ መያዝም ሆነ ፊደል ማወቅ አላስፈለገውም፤ ለማን እንደመረጠም ማንም አያይበትም። ባለርስቱ ጭሰኛውን፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ሊያስፈራራ በሚችልበት የገጠር ኑሮ ውስጥ ይህ ምሥጢራዊነት ትልቅ ዋጋ ነበረው።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ ደግሞ በቀላሉ የማይለቅ ቀለም ጥቅም ላይ ዋለ። የሕንድ የሳይንስ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ይህ ቀለም በመራጩ ጣት ላይ ሲቀባ ለቀናት ይቆያል። ለመጀመሪያው ምርጫ ወደ 390,000 የሚጠጉ የቀለም ብልቃጦች ተሰራጭተዋል።

የሥራው ስፋት በቁጥር ሲታይ ያስገርማል። የተመዘገቡት መራጮች ከ173 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። መዝገቦቹን በታይፕ ለመጻፍና ለማደራጀት 16,500 ጸሐፊዎች ለ6 ወራት በኮንትራት ተቀጥረዋል። ከ2 ሚሊዮን የማያንሱ የብረት ሳጥኖች ተሠርተዋል፤ ለዚህም 8,200 ቶን ብረት አስፈልጓል። ለሕግ መወሰኛው የታችኛው ምክር ቤት 489 መቀመጫዎች፣ ለየግዛቱ ምክር ቤቶች ደግሞ ከ3,000 በላይ መቀመጫዎች በአንድ ላይ ለውድድር ቀረቡ። ሩቅ ወደሆኑ ተራራማ መንደሮች ለመድረስ በወንዞች ላይ ድልድይ የተሠራበት፣ ወደ ደሴቶች ደግሞ የባሕር ኃይል መርከብ የተላከበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡ ስለ አመራረጡ እንዲያውቅ በራዲዮ ትምህርት ተሰጠ፤ ከ3,000 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶችም ስለ ምርጫ የሚያስረዳ ፊልም ታየ።

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች የተሰጡት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1951 በሂማቻል ፕራዴሽ ተራሮች ላይ ቺኒ በተባለ አካባቢ ነበር። በረዶ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት ነዋሪዎቹ እንዲመርጡ በመታሰቡ ከሌላው አገር ቀድመው ጀመሩ። የቀሩት ግዛቶች በየተራ እየመረጡ ሥራው እስከ የካቲት 1952 ዘለቀ። በጠቅላላው ለታችኛው ምክር ቤት ከ100 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ።

የውጤቱ ፈተና

ማንኛውም ምርጫ የሚመዘነው በተሸናፊዎች ዘንድ ባለው ተቀባይነት ነው። የኮንግረስ ፓርቲ ከ489 መቀመጫዎች 364 በማግኘት መንግሥት መሠረተ። ነገር ግን ታዋቂ ሰዎችም ተሸንፈዋል። የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ የመሩትና የሕግ ሚኒስትር የነበሩት ብሂምራኦ አምቤድካር በቦምቤይ ለታችኛው ምክር ቤት ተወዳድረው አላሸነፉም። ቅሬታ ያላቸው ወገኖች ጉዳያቸውን ወደ ምርጫ ጉዳይ ዳኞች የሚያቀርቡበት መንገድ በሕግ ተዘጋጅቶላቸው ነበር።

በተለይ የሚጠቀሰው የኮሙኒስት ፓርቲው ሁኔታ ነው። ፓርቲው በቴላንጋና አካባቢ ለዓመታት የትጥቅ ትግል ሲያካሂድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1951 አቆመ፤ በምርጫውም ተወዳድሮ በታችኛው ምክር ቤት ትልቁ ተቃዋሚ ቡድን ሆነ። ጠመንጃ ያነሣ ወገን መሣሪያውን አስቀምጦ በሳጥን ለመወዳደር የሚፈቅደው ሳጥኑ እንደማይሰረቅ ሲያምን ነው። የምርጫ አስተዳደር ገለልተኛነት ለሰላም ያለው ዋጋ በዚህ ጎልቶ ይታያል።

ወደ ሱዳን የተደረገ ጉዞ

የሴን ዝና ከአገራቸው ወሰን አልፎ ወደ አካባቢያችን ደረሰ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1953 እንግሊዝና ግብፅ ሱዳን ራሷን በራሷ እንድታስተዳድርና የወደፊት ዕጣዋን እንድትወስን ስምምነት ተፈራረሙ። ለመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሦስት ሱዳናውያን፣ አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ ግብፃዊ፣ አንድ አሜሪካዊና አንድ ሕንዳዊ ያሉበት ቅይጥ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢነቱም ለሕንዳዊው ለሱኩማር ሴን ተሰጠ።

ሥራው ከባድ ነበር። ሁለቱ ገዥ መንግሥታት በሱዳን የወደፊት ዕጣ ላይ የተለያየ ፍላጎት ስለነበራቸው እያንዳንዱ እርምጃ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። የአገሪቱ ስፋት፣ የመንገድ እጥረትና የደቡቡ የዝናብ ወቅትም ሥራውን አክብደውታል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የምርጫ ክልሎች በቀጥታ፣ ሌሎች ደግሞ በተወካዮች አማካይነት በተዘዋዋሪ መረጡ። ከተማሩ ዜጎች ልዩ የምርጫ ክልል በቀር ድምፅ የሰጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ይህም የዚያ ምርጫ ጉድለት ነበር። ያም ሆኖ ምርጫው እ.ኤ.አ. በ1953 ኅዳርና ታኅሣሥ ተከናወነ። ብሔራዊ አንድነት ፓርቲ ከ97 የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 51 አገኘ፤ የፓርቲው መሪ ኢስማኢል አል አዝሃሪም መንግሥት መሠረቱ። ሱዳን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956 ነጻ አገር ሆነች።

ሁለተኛው ምርጫና የተሻሻለው አሠራር

ሴን የመጀመሪያውን ምርጫ አካሄድ በዝርዝር የሚተነትን ይፋዊ ሪፖርት አዘጋጅተው ለሕዝብ እንዲቀርብ አድርገዋል። የሠመረውንም ያልሠመረውንም መዝግቦ ማስቀመጥ ለቀጣዩ ሥራ መሠረት እንደሆነ ተገንዝበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ሁለተኛውን ጠቅላላ ምርጫ ሲመሩ ይህ ልምድ ጠቅሟል። ከመጀመሪያው ምርጫ የተረፉት የብረት ሳጥኖች ተጠብቀው ስለነበር እንደገና አገለገሉ፤ ወጪውም በእጅጉ ቀነሰ። የመራጮች ቁጥር 193 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚህ ሁሉ በላይ በመጀመሪያው ዙር በስም ጉዳይ የተፈጠረው ክፍተት በአብዛኛው ተዘጋ፤ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በመዝገቡ ላይ ሰፈሩ።

በዚያው ምርጫ በኬረላ ግዛት የኮሙኒስት ፓርቲው አሸንፎ በሰላም ሥልጣን ተረከበ። በማዕከል ያለው ገዥ ፓርቲ በአንድ ግዛት ተሸንፎ ለተቀናቃኙ ሥልጣን ማስረከቡ የምርጫ ሥርዓቱ እውነተኛነት ማረጋገጫ ሆነ። ሆኖም ይህ የግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1959 በማዕከላዊው መንግሥት ውሳኔ ከሥልጣን ተነሣ። ሴን በዚያን ጊዜ ከኃላፊነታቸው ከለቀቁ ቆይተዋል። ጉዳዩ ግን ምርጫን በንጽሕና ማካሄድ ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ የተመረጠው አካል የሥራ ዘመን የሚከበርበት የሕግ የበላይነትም አብሮ መኖር እንዳለበት ያስረዳል።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ሴን ወደ 9 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1958 ከዋና የምርጫ ኮሚሽነርነት ተሰናበቱ። አገራቸው እ.ኤ.አ. በ1954 ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ የክብር ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰጠቻቸው ሰዎች መካከል እሳቸው ይገኙበታል። ከዚያም በምዕራብ ቤንጋል እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተውን የቡርድዋን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ምክትል ቻንስለርነት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የግል ማስታወሻ ወይም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ትተው አላለፉም። ታሪካቸው የሚነበበው በተቋሙ አሠራር ውስጥ ነው። ከእሳቸው በኋላ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የተለየ ሳጥን ማስቀመጥ ቀርቶ በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ተተካ። የመምረጫ ዕድሜም እ.ኤ.አ. በ1989 ከ21 ወደ 18 ዓመት ዝቅ አለ። የምርጫ ምልክቱና የጣት ቀለሙ ግን እስከ ዛሬ ቀጥለዋል።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

ሕንድ ሁለተኛ ጠቅላላ ምርጫዋን ባካሄደችበት በ1957 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያም በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ አስመርጣለች። በዚያ ምርጫ የፖለቲካ ፓርቲዎች አልነበሩም፤ ለመወዳደርም የንብረት ባለቤትነት ይጠየቅ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ ያለ ልዩነት የመምረጥ መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 102 ደግሞ ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ የሆነ ብሔራዊ የምርጫ ቦርድ እንዲቋቋም አድርጓል። የተወዳዳሪ ምልክትና በጣት ላይ የሚቀባ ቀለም ለአገራችን መራጮችም የታወቁ ናቸው።

ከሱኩማር ሴን ሕይወት ሦስት ቁም ነገሮችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛው፣ የምርጫ ተቋም ነጻነት በሕግ ከመጻፉ በተጨማሪ ተቋሙን የሚመራው ሰው በቂ ዝግጅት ሳይኖር አልሠራም የማለት ድፍረት፣ መንግሥትም ያንን የመስማት ትዕግሥት ሊኖራቸው ይገባል። ሁለተኛው፣ የምርጫ ሥርዓት የሚነደፈው በጣም ደካማ ለሆነው መራጭ በሚመች መንገድ ሲሆን ለሁሉም ይመቻል፤ ፊደል ላልቆጠረው የተዘጋጀው ሳጥን የተማረውንም ሰው ድምፅ ከዓይን ጠብቋል። ሦስተኛው፣ የመራጮች መዝገብ የዜግነት መስተዋት ነው። በዚያ መዝገብ ላይ በራስ ስም መስፈር መንግሥት ለዜጋው የሚሰጠው እውቅና በመሆኑ፣ አንድም ሰው በልማድ፣ በርቀት፣ በመፈናቀል ወይም በመረጃ እጦት ምክንያት ከመዝገብ ውጭ እንዳይቀር መትጋት የሁሉም ባለድርሻ አካላት ኃላፊነት ነው።

ስለዚህ የምዝገባ ጊዜ ሲታወጅ ዜጎች በየአቅራቢያቸው ወደሚገኝ የምርጫ ጣቢያ ሄደው ስማቸው በትክክል መስፈሩን በራሳቸው ዓይን ሊያረጋግጡ፣ ስህተት ካገኙም በተወሰነው ቀን ውስጥ እንዲታረም ሊጠይቁ ይገባል። በተለይ እናቶች፣ አረጋውያንና ከመኖሪያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በስማቸው እንዲመዘገቡ ቤተሰብና ጎረቤት ሊያግዟቸው ያስፈልጋል። በአንድ ወቅት 2.8 ሚሊዮን ሴቶች በስማቸው ባለመመዝገባቸው ያጡት ዕድል ይህ ጥንቃቄ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይመሰክራል።